ደጅ ላይ የቆመ መርዶ

እትዬ የዓለምወርቅን ሙሾ ማውረድ ያስተማራት ሰው የለም። እናቷ አልቃሽ አልነበረችም፤ አያቷም እንዲሁ። ነገሩ የተጀመረው ታናሽ ወንድሟ መሳይ የሞተ ቀን ነው። ዘመድ ከሩቅ ያስመጣት አልቃሽ ድንኳኑ መሀል ቆማ ሟቹን አንበሳ ገዳይ፣ ፈረስ ጋላቢ፣ ጠላት አሳዳጅ እያለች አወደሰችው። መሳይ ግን አዲሱ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ፈረስ ይቅርና ውሻ ሲያይ መንገድ የሚሻገር፣ ሱሪ ሲያሳጥር መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ የሚስቅ ሰው ነበር። የዓለምወርቅ በዚያ ሁሉ ዋይታ ውስጥ ወንድሟን ፈልጋ አጣችው። ቢቸግራት ተነሣችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ውሻ የሚፈራውን መሳይን በገዛ አፏ አለቀሰችው። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ እየሳቀ አነባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ሰው ሲሞት እሷን መጥራት ልማድ ሆነ።

የዕለት ሥራዋ ሌላ ነው። እንጦጦ ላይ ባለው የእጽዋት ማዕከል የችግኝ ጣቢያ የጥድና የኮሶ ችግኝ ስታጠጣ፣ ስታርም ትውላለች። ለቅሶ ሲመጣ ትቆማለች። ለመቆም ግን አንድ ደንብ አላት፤ ያላወቀችውን ሰው አታለቅስም። ስለዚህ አስቀድማ ትጠይቃለች። አረማመዱ እንዴት ነበር? ሲስቅ አፉን ይሸፍናል? የሚጠላው ምግብ ምንድን ነው? ሲናደድ ዝም ይላል ወይስ በር ያላጋል? ሰዎች መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል፤ ኋላ ግን ማውራት ከጀመሩ የሚያስቆማቸው የለም። ሟቹ ከነመልኩ ከፊቷ ካልቆመ አፏ አይከፈትም።

ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነገራ ወደ ችግኝ ጣቢያው ሲወጣ ገና ከሩቅ አይታ የመጣበትን አወቀች። ነገራ የታክሲ ሹፌር ነው። መኪናውን ከታች አቁሞ በእግሩ ሲመጣ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ ነበር። ቆቡን በእጁ የያዘ ወንድ ችግኝ ሊወስድ አይመጣም።

የእህቱ የዓለምነሽ ልጅ ሌንጮ ሞቷል። ነገራ ይህን የነገራት የውሃ ማጠጫውን ከእጇ ተቀብሎ መሬት ካስቀመጠ በኋላ ነው። ልጁ ሳውዲ ሊገባ ብሎ ባሕሩን ተሻግሮ የመን ላይ ቀርቷል። የመን ደግሞ የአንድ አገር ሰዎች እርስ በርስ ሲጋደሉ ዓመታት አልፈዋቸዋል። በዚያ ላይ የሩቅ አገር ሰዎች አንዱን ወገን እናግዛለን ብለው በአውሮፕላን ገቡበት። ሌንጮና መሰሎቹ ከማንም ወገን አልነበሩም። ያለ ወረቀት ሲያልፉ ተይዘው አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ታጉረው ይኖሩ ነበር። ከእነዚያ አውሮፕላኖች አንዱ ሌሊት መጥቶ አዳራሹ ላይ ቦምብ ጣለ። የሩቁ አገር ሰዎች መጀመሪያ የጦር መሣሪያ ማከማቻ ነው የመታነው አሉ። ቆየት ብለው እናጣራለን አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ መጣና የአዳራሹ ወሬ ተረሳ።

«ሌንጮ የሚያውቀው መሣሪያ ቢኖር የባሕር ዛፍ መቁረጫ ገጀራ ነው» አለ ነገራ።

ሞቱ የታወቀው በሹራብ ነው። ዓለምነሽ ልጇ ሲሄድ በኪሮሽ አረንጓዴ ሹራብ ሠርታ አልብሳው ነበር። አርቆ የሚያስብ ልብ አላትና ከታችኛው ጠርዝ በውስጥ በኩል የነገራን ስልክ ቁጥር በነጭ ክር ጠለፈችበት። የራሷን ያልጠለፈችው ስልኳ በየጊዜው ስለሚጠፋ ነው። ቦምቡ የወደቀ ሰሞን ታዲያ በነገራ ስልክ ላይ ፎቶ መጣ። ከተጋደሙት አንዱ ነው፤ ፊቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ደረቱ ላይ ግን አረንጓዴው ሹራብ ይታያል። የላከው ሙሐዲን የሚባል፣ እግሩን የተመታና እዚያው ሆስፒታል የተኛ ልጅ ነው። የዚህ ሹራብ ባለቤት ሞቷል፣ ዘመዶቹ ከሆናችሁ አላህ ያጽናችሁ ብሎ በድምፅ ልኳል።

ዓለምነሽ ምንም አልሰማችም። የሚያውቁት ወንድሟ ነገራ፣ ሴት ልጇ ሃዊ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዱና ምስጢር ጠብቁ የተባለው ሰፈር ሁሉ ነው። ወሬው በቴሌቪዥን እንዳይደርሳት ነገራ ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሹን አዞረው። እሷም የምትከታተለው ድራማ እንዳያመልጣት ብላ ጎረቤት ሄደች፤ የጎረቤትም ተበላሽቷል። ቀጥሎ ያለው ቤት ሄደች፤ የዚያም። በአንድ ሳምንት የሰፈሩ ቴሌቪዥን በሙሉ ተበላሸባት። ስልኳን ሃዊ ውሃ ውስጥ ጣልኩት ብላ ደበቀችው። ዓለምነሽ መብራት ኃይልንም ቴሌንም ረግማ ተኛች።

መርዶው የሚነገረው በማግሥቱ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ነው። ሰው እህል ቀምሶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ፣ ገና ከደጁ ሳይወጣ ሽማግሌ መጥቶ ነው የሚረዳው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ነገራ የመጣው የዓለምወርቅ እንድትቆምላቸው ነበር።

እሷም ስለ ልጁ ንገረኝ አለችው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ሌንጮን የምታውቀው በሩቁ ነው። በእድር ቀን ወንበር ሲያመላልስ አይታዋለች፤ ሲናገር ግን ሰምታው አታውቅም። ነገራ ነገራት። ታዛዥ ነበር፤ ጉልበታም ነበር፤ ለእናቱ እንጨት ሳይፈልጥላት ከቤት አይወጣም። ቀይ ወጥ ከሌለ ቅር ይለዋል። ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል።

«አነጋገሩስ?» አለች የዓለምወርቅ።

ነገራ ወደ ችግኞቹ ዞሮ ቆየ። «ጨዋ ልጅ ነው እትዬ። ሰው ዘልፎ አያውቅም» አለ።

በመልሱ አልረካችም። ሰው አገሩን ከለቀቀ በኋላ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እሷ የምትፈልገው የመጨረሻውን ሌንጮ ነው። ስለዚህ ከዚያ ፎቶ ከላከው ልጅ ጋር አገናኘኝ አለችው። ነገራ ለሙሾ ብሎ ቁስለኛ መቀስቀስ ደስ አላለውም፤ ግን ደንቧን ያውቃልና ወደ ታክሲው ወስዷት ደወለ።

ሙሐዲን ድምፁ የደከመ፣ አክብሮት የሚያውቅ ልጅ ነበር። እናቴ እያለ ነው ያናገራት። የሟቹን ስም የሰማሁት ነገራ ሲነግረኝ ነው አላት። በዚያ አዳራሽ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ከደላላውም ከዘበኛውም ስሙን ደብቆ የመጣ ብዙ ነው። ሁሉም ቅጽል አለው። እሱ ወደዚያ አዳራሽ ከገባ ጀምሮ አረንጓዴው ሹራብ ያለው ልጅ ጋዜጠኛው ነበር የሚባለው። ማታ ማታ ኳስ ያስተላልፋል። ኳስ የለም፣ ሜዳም የለም፤ እስረኛውን በሁለት ቡድን ይከፍልና ግድግዳ ተደግፎ ጨዋታውን በአፉ ያካሂደዋል። እገሌ አሻገረ፣ እገሌ ቀማ፣ እገሌ በግንባሩ ገጨ ሲል የታመመው ሁሉ ቀና ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቃል አማርኛ የማያውቁት ዘበኞች ሳይቀሩ መስኮቱ ጋ ቆመው ይሰሙት ነበር። በዚያች ማታም ጀምሮ ነበር። ግን ትኩሳት ይዞት ስለነበር ግማሽ ላይ አቆመና፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ነገ ብሎ ተኛ።

ነገራ የሚባለውን ሳይሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያለቅስ ነበር። የዓለምወርቅ ስልኩን መለሰችለት። ሟቿን አግኝታዋለች።

አመሻሽ ላይ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወረደች። የቅርብ ዘመድ የሚያስቀይም ነገር እንዳይኖር የሙሾውን መግቢያ ለአንድ ሰው ማሰማት ልማዷ ነው፤ ሃዊ ደግሞ ሆስፒታሉ አጠገብ ካፌ ውስጥ ትሠራለች። ሃዊ ሽርጧን እንደለበሰች ወጣችና ከፋርማሲው ጎን ደረጃ ላይ ተቀመጡ። የዓለምወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ስለ ምላሱ አለች፤ በአፉ ኳስ ስለሚያንከባልለው፣ በሽተኛ ስለሚያስነሣው፣ የባዕድ ዘበኛ ስለሚያስቆመው ልጅ አለች። ሃዊ መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ማልቀሷን አቁማ ትመለከታት ጀመር።

«እትዬ፣ ይሄ ማነው?»

«ወንድምሽ ነዋ።»

«ሌንጮ?» ሃዊ ሳታስበው ሳቀች፤ አፏንም በሽርጧ ያዘች። «ሌንጮ እኮ ይንተባተባል። ስምህ ማነው ሲሉት ‹ሌ› ብሎ ‹ንጮ› እስኪደርስ ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል።»

 የዓለምወርቅ፣ ነገራ ለምን ወደ ችግኞቹ እንደዞረ አሁን ገባት።

ሃዊም የተናገረችው ዘግይቶ ገባት። ወዲያው ሙሐዲን ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግመው ሞከሩ፤ ዝግ ነው። ተያይዘው ነገራ ዘንድ ሄዱ፤ ከጋሽ ወልዱ ጋር ስለ ድንኳኑ ሲነጋገር ደረሱበት። ነገራ ሲሰማ ተቆጣ። ሟች ላይ ነውር ይነገራል እንዴ? ተንተባታቢ ነበር ብዬ ልስጥሽና በድንኳን መሀል፣ እናቱ እየሰማች፣ ልታወርጂው ነው? የዓለምወርቅም ወንድሜ ውሻ ይፈራ ነበር ብዬ አልቅሼዋለሁ፣ ምን ሆነ? አለችው። እሱ ግን ሌላ ፍርሃት ነበረው። ልጁ እዚያ ሄዶ ምላሱ ተፈትቶለት ቢሆንስ? ሹራቡ የሌንጮ ነው፣ ቁጥሩ የራሱ የነገራ ነው።

«አንድ ጊዜ ሞተ ተብሎ ማልቀስ የወግ ነው» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ዛሬ ይኖር ይሆናል ብለናት ነገ ብንቀማትስ? እህቴ ሁለት ጊዜ አትቀብርም።»

 ጋሽ ወልዱ ጢማቸውን እያሻሹ፣ ጠዋት እንደተባለው ሽማግሌው ይምጣ፣ ግን ከአጥሩ ውጭ ይቁም፤ ፀሐይ የዓለምነሽ ጣራ ላይ እስክታርፍ ስልኩ ይሞከር፤ ካልተነሣ መርዶው ይገባል ብለው ፈረዱ። ከአፍ የወጣ መርዶ አይመለስም፣ ትንሽ መጠበቅ አይጎዳም አሉ። የዓለምወርቅ ያን ዕለት ስታድር፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀችው ሙሾ የሌላ ሰው እንዲሆን ተመኘች። ወዲያው ደግሞ የሌላ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሰበችና ምኞቷን መጨረስ አቃታት።

የእንጦጦ ብርድ ጠዋት ላይ አጥንት ይሰብራል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዓለምነሽ አጥር ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተኮለኮሉ። የእድሩ ድንኳን ታጥፎ በጋሪ መጥቷል። ጡሩምባ ነፊው ሾዴ ጡሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ እንዳትነፋ ተብሎ እየተጠበቀ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዛቸውና ጋሽ ወልዱ በዓይናቸው ገሠጿቸው። ያ ሁሉ የተከበረ ሰው ከአንዲት ሴት ተደብቆ ዛፍ ሥር ሲያጎነብስ ለሚያየው ዶሮ ሊሰርቅ የመጣ ይመስል ነበር።

ሃዊ ትደውላለች። ዝግ ነው። ብርሃኑ ከላይ ከተራራው ወረደ። ዝግ ነው። የጎረቤቱ ጣራ ላይ ፀሐይ አረፈች። ነገራ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲራመድ ስልኩ ጠራ።

ሙሐዲን ለሰላት ተነሥቶ ቻርጅ አድርጎት ነበር። የዓለምወርቅ ስልኩን ከሃዊ ተቀብላ ድምፁን ከፍ አደረገችውና ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰው ጠየቀችው።

«ልጄ፣ እናንተ መሀል ሲናገር የሚይዘው፣ የሚንተባተብ ልጅ ነበር?»

«ኔትወርክን ነው?» አለ ሙሐዲን። «አዎ፣ አለ። ስለሚቆራረጥ ኔትወርክ ነው የምንለው። የጋዜጠኛው ጓደኛ ነው። ታችኛው ክፍል ተኝቷል።»

«ተኝቷል ማለት?»

«ተርፏል እናቴ። ጆሮው ነው የተጎዳው፣ አይሰማም። ከሚፈራርሰው ሥር እኔን ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው።»

ነገራ አጥሩን ያዘ። የዓለምወርቅ የልጁን ስም ጠየቀች። ሙሐዲን አላውቀውም አለ። «ስሙን እስኪጨርስ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል ብለው ነው?» ብሎ ትንሽ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ። ለምን እንደጠየቁት ገብቶታል። ሹራቡን እሱ ያየው ጋዜጠኛው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የማን እንደነበር ጠይቆ አያውቅም። ቆዩ፣ አትዝጉት፣ ወርጄ አገናኛችኋለሁ አለ። ከዚያ የክራንቹ ድምፅ ተሰማ፤ ኳ፣ ኳ፣ ደረጃ የሚወርድ።

በሩ የተከፈተው ይኼኔ ነው። ዓለምነሽ እጣቢ ልትደፋ ሳፋ ይዛ ወጣች። ከአጥሩ ወዲያ የተደረደረውን ጋቢ አየች። ጋሪውን አየች። ሾዴን አየች፤ ጡሩምባው ከጋቢው አፈንግጦ ይታያል። ጋሽ ወልዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የውሃ ቧንቧ ሊያዩ መምጣታቸውን፣ ሰፈሩ ውስጥ ግፊት እንደቀነሰ ማስረዳት ጀመሩ። እሷ አልሰማቻቸውም። የዓለምወርቅን ነው የምታየው።

«አንቺ ሰው ካልሞተ በጠዋት ሰው ደጅ አትቆሚም» አለቻት። «ልጄ ነው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።  የዓለምወርቅ ያልሆነ ነገር ስለ ሟች ተናግራ አታውቅም፤ ለቋሚም ልትናገር አልፈለገችም።

«ትናንት ሞቷል ብለው ነገሩኝ» አለች። «እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ አላመንኩም። ግን አላውቅም ዓለምነሽ። ስልኩ ላይ ሰው እየጠበቅን ነው። ነይ አብረን እንጠብቅ።»

ዓለምነሽ ሳፋውን እንደያዘች መጣች። ማንም አልተቀበላትም፣ እሷም አላስቀመጠችውም። ከስልኩ ውስጥ ክራንቹ ኳ ኳ ይላል። በር ተንቋቋ። ሰው አረብኛ ተናገረ። ሙሐዲን አንድ ሰው ሲቀሰቅስ፣ ስልኩን አፉ ላይ ሲያስጠጋለት ይሰማል። ከዚያ ትንፋሽ መጣ።

«እ...» አለ ትንፋሹ።

ነገራ በል፣ በል ሊል ተንጠራራ። ዓለምነሽ እጇን አነሣችበት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የልጇን ቃል እሷ ነበረች የምትጨርስለት። ወተት ሊል ሲጀምር ወተት ትለዋለች፤ ውሃ ሊል ሲጀምር ውሃ። ካደገ በኋላ ይቆጣት ነበር፤ ተይኝ፣ ራሴ ልጨርሰው ይላት ነበር፤ ያንንም ሳይጨርሰው እሷ ትጨርስለት ነበር። ዛሬ ግን ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

«እ... እ...»

ቃሉ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ይመስል ሁሉም ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ጋሽ ወልዱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሚያስላቸው ሽማግሌ ትንፋሻቸውን ውጠው ፊታቸው ቀላ። ከታች መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት አዲሱ ገበያ እያለ ይጣራል፤ እሱም ዝም ቢል ደስ ባላቸው።

«እ... እማ... እማዬ።»

ሳፋው ወደቀ። እጣቢው ጋሽ ወልዱ ጫማ ላይ ፈሰሰ፣ እሳቸውም አላወቁትም። ዓለምነሽ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ልጇን በአማርኛም በኦሮምኛም ጠራችው። እሱ ግን አይሰማም። አይሰማም እናቴ፣ ለጊዜው ነው ብለዋል ሐኪሞቹ፣ ምን ልበለው? አለ ሙሐዲን። ዓለምነሽ ትንሽ አሰበች።

«እጁን ያዝልኝ» አለችው። «ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርገው። ያውቀዋል።»

ሰው ፊት ተጠይቆ ቃል ሲይዘው አጠገቡ ሆና እንደዚያ ታደርግለት ነበር፤ አይዞህ፣ ጊዜ አለህ ማለቷ ነው። ሙሐዲን ያዘለት። ከስልኩ ማዶ የወጣት ልጅ ልቅሶ ተሰማ። ልቅሶ ደግሞ አይንተባተብም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ቅደም ተከተል ማንም በትክክል አያስታውሰውም። ነገራ እያለቀሰ ሾዴን ሳመው። ሃዊ መሬቱ ላይ እናቷ አጠገብ ተዘረጋች። ሽማግሌዎቹ በብርድ የደረቀ እግራቸውን እያፍታቱ እርስ በርስ ተመራረቁ። ዓለምነሽ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ወንድሟን ነበር።

«ቴሌቪዥኔን ያበላሸኸው አንተ ነህ?» አለችው። «አሁኑኑ ጣራ ላይ ውጣ።»

ነገሩን ከሥሩ ሲያስረዷት ስለ ጋዜጠኛው ሰማች። ፊቷ ተለወጠ። ይህን ልጅ አውቀዋለሁ አለች። ሌንጮ ስልክ ጠላቱ ነው፤ ከሰው ፊት ይልቅ ስልክ ላይ ምላሱ ይብስ ይታሰራል። ለዚህ ነው በራሱ የማይደውለው። ከፋሲካ በፊት ግን አንድ ልጅ ደወለላት። እማማ፣ ሌንጮ ጎኔ ነው፣ እሱ እስኪናገር ካርዱ ስለሚያልቅ እኔ ልናገርለት አላት። ደህና ነው፣ በልቷል፣ ናፍቃችሁታል እያለ የሌንጮን ልብ እንደ ውሃ አወረደላት። ሹራቡን አይቶ የእጅሽ ሥራ ያምራል፣ እኔስ እናት የለኝም ወይ እያለ ቀልዶባት ነበር። ስትመጡ ላንተም እሠራልሃለሁ አለችው። ግዛቸው እባላለሁ፣ ቀለሙን ቢጫ አድርጊልኝ ብሏት ነበር።

«ብትጠይቁኝ ኖሮ እነግራችሁ ነበር» አለች። «ከሁላችሁም ያንን ድምፅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

 ያን ሰሞን ሁሉ ሰፈሩ ሲሸሽ የነበረው ከእሷ ነው።

ጋሽ ወልዱ ጋሪው ይመለስ ብለው ሲያዙ ዓለምነሽ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ድንኳኑ ይተከል አለች። ጋሽ ወልዱ በለሆሳስ፣ ልጁ የእድሩ አባል ቤተሰብ አይደለም፣ ደንቡ አይፈቅድም አሏት።

«ሹራቤን ለብሶ ነው የሞተው» አለች። «ሌንጮ ብርድ እንዳይመታው የሠራሁትን ሹራብ ሌንጮ አውልቆ አልብሶታል። እንግዲህ የማን ቤተሰብ ነው?»

ሽማግሌው ጫማቸውን ተመለከቱ፤ ይኼኔ ነው እጣቢ እንደፈሰሰበት ያወቁት። ከዚያ ወደ ሾዴ ዞሩና ንፋ አሉት። ሾዴም ከጎሕ ጀምሮ ሲታመቅ የቆየውን ሁሉ ነፋው።

ሌንጮ የግዛቸውን አገር ጽፎ በሙሐዲን በኩል ላከ፤ ልጁ ከወሎ ገጠር ነው። ነገራ ወዲያው እንደውል ሲል ጋሽ ወልዱ ከለከሉት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ተፈልገው፣ ነገሩ ተጣርቶ፣ ደግሞ ተጣርቶ፣ እናቱ እህል ቀምሳ በጠዋት ነው የምትረዳው አሉ። ይህን ሲሉ ደግሞ ተጣርቶ የሚለውን ጠበቅ አደረጉት፣ ነገራም አንገቱን ደፋ።

ረፋድ ላይ የዓለምወርቅ ድንኳኑ መሀል ቆመች። ሙሾው እንዳለ ነበር፤ አንድ ቃል መለወጥ አላስፈለጋትም። መጨረሻው ላይ ብቻ ያን ጠዋት የመጣላትን ጨመረች፤

ሜዳ በሌለበት ጨዋታ ያሳየ፣
ከሰማይ የመጣው መቼ ፊቱን ለየ።

በሰው እናት ሹራብ ሙቀት ያገኘህ ልጅ፣
እናትህ አልሰማች፣ እኛ እናልቅስ እንጅ።

ሰው ሁሉ አለቀሰ። ዓለምነሽም አለቀሰች፤ ከልቧ። ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። አጠገቧ የነበረችው ሃዊ ብቻ ናት ለምን እንደሆነ ያወቀችው፤ እንባዋ እየወረደ ከንፈሯ አልሰበሰብ ብሏት ነው። አንዴ እሷ ትሸነፋለች፣ አንዴ ፈገግታው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበተን ዓለምነሽ የዓለምወርቅ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ለሌንጮ ብለሽ ምን አዘጋጅተሽ ነበር? ብላ ጠየቀቻት። ምንም አላዘጋጀሁም፣ የሱን አንድ ነገር አላውቅም አለች የዓለምወርቅ።

«ታዲያ ልንገርሽ» አለች ዓለምነሽ። «ልጅ ሆኖ ምን ያደርግ ነበር መሰለሽ...»

የዓለምወርቅ ነጠላዋን ሰብስባ ብድግ አለች።

«ተይ። ስለሱ አትንገሪኝ» አለቻት። «እኔ ስለሱ ምንም መስማት አልፈልግም።»

ዓለምነሽ ቀና ብላ አየቻት፣ ነገሩም ገባት። ሁለቱም ሳቁ። የዓለምወርቅ ችግኞቿ ውሃ ሳይጠጡ እንዳይመሽባት ብላ ቁልቁለቱን ወረደች።